የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሳትሸማቀቅ የምትማርበት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ፦ ደረጃ በደረጃ

ጅማ ከተማና ዙሪያዋ የተመደባችሁ አዳዲስ የሳይንስ መምህራን ደጋግማችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች አፋቸውን አይከፍቱም። ቡና ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ። ምን ላድርጋቸው?»

ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ስጠይቅ መልሱ ብዙም አይለያይም። የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የከሰል አክሳይ ልጅ። ከዳውሮ ወይም ከካፋ ለሥራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ። በእረፍት ሰዓት «ፉጋ» ወይም «ማንጆ» የሚለው፣ ለተገለሉ ማኅበረሰቦች የሚሰጠው ስም እንደ ስድብ የሚወረወርበት ልጅ።

ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ልጁ ቤት ውስጥ ከሚያየው ሥራ ተነሱ፣ ሥራውን ክፍል ውስጥ ለኩት፣ ከዚያ መጽሐፉ ላይ ወዳለው ቃልና ወደ ፈተናው አድርሱት። እዚህ ለ7ኛ ወይም ለ8ኛ ክፍል የሚሆን አንድ ትምህርት ከጥግ እስከ ጥግ አሳያለሁ። ርዕሱ ትነት ነው። መሣሪያው የሸክላ ገንቦ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ትንንሽ የውሃ ገንቦ። ያልተቀቡና ያልታጠኑ ይሁኑ።
- ሁለት ሊትር የሚይዝ አንድ የፕላስቲክ ጆግ
- አንዱን ገንቦ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ላስቲክና ገመድ
- ሦስት ክዳን። ጠፍጣፋ ሰሃንም ይሆናል።
- ቴርሞሜትር። ሦስት ቢገኝ ጥሩ፣ አንድም ይበቃል። ውስጡ ቀይ አልኮል ያለው ይሁን።
- አንድ ግራም የሚለይ፣ እስከ 5 ኪሎ የሚይዝ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን
- አንድ ትልቅ ባልዲ ውሃ
- የአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ለመለኪያ
- ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ የሚዳረስ ቁራጭ ወረቀት

የገበያ ሚዛን አትዋሱ። የምንፈልገው ለውጥ ጥቂት ግራም ነው፣ እሱ አያየውም።

1. የልጆቹን ሥራ እወቁ፣ ማንንም ሳትነጥሉ

ከትምህርቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለክፍሉ በሙሉ ቁራጭ ወረቀት አድሉ። «ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ እስክትተኙ ድረስ በእጃችሁ የሠራችሁትን ሦስት ነገር ጻፉ» በሉ። መጻፍ የከበደው ይሳል። ስም አይጻፍበት።

ሰብስባችሁ ስታነቡ ውሃ መቅዳት፣ ቡና ማስጣት፣ ጭቃ መርገጥ፣ ከብት ማገድ፣ ወናፍ መንፋት፣ ጫት ማሰር፣ ታናሽ እህት ማዘል ታገኛላችሁ። «ስልክ ነካካሁ» የሚልም አይጠፋም። እሱንም መዝግቡ።

ስም የማይጻፈው ለምንድን ነው? አንዷን ልጅ አስነስታችሁ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብትሏት ክፍሉ መልሱን ያውቀዋል። የምትጠብቁት መልሷን ነው፣ የምታገኙት ግን የሌሎቹን ሳቅ ነው። ወረቀቱ ሥራውን ይነግራችኋል፣ ልጅቷን አያጋልጥም።

2. መጀመሪያ ርዕሱን፣ ቀጥሎ ሥራውን ምረጡ

የዓመቱን ዕቅድ ክፈቱና በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚመጣውን ርዕስ ዕዩ። ከዚያ ከወረቀቶቹ ውስጥ ርዕሱን የሚያስረዳ ሥራ ፈልጉ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ፣ ማለትም ደስ ያላችሁን ሥራ ይዛችሁ ርዕስ ፍለጋ ከወጣችሁ፣ ትምህርቱ የባህል ቀን ዝግጅት ሆኖ ያርፋል። ልጆቹ ይደሰታሉ፣ ፈተናው ላይ ግን ምንም አይጠቅማቸውም። እነዚህ ልጆች ደግሞ ፈተና የሚወድቁበት ትርፍ ጊዜ የላቸውም።

ትነትን በገንቦ የማስተምረው ገንቦ የማይገባበት ቤት ስለሌለ ነው። የሠሪዋም ልጅ፣ የገዢዋም ልጅ ያውቀዋል።

3. ባለሙያዋን ቀድማችሁ አነጋግሩ

ገንቦውን ከገበያ ስትገዙ ከሠሪዋ ከራሷ ግዙ። አትከራከሩ፣ የጠራችውን ክፈሉ። «ለትምህርት ነውና በነጻ ስጪኝ» ማለት ነውር ነው።

«እትዬ፣ ውሃ የሚያቀዘቅዘው የትኛው ነው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በራሷ አነጋገር ጻፉት። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «የሚያልበው ገንቦ ያቀዘቅዛል»። ሁለተኛ፣ «ቅባት የነካው አያቀዘቅዝም»። ሁለቱም ክፍል ውስጥ የሚፈተኑ ናቸው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሸው ቀዳዳው እንዲደፈንና እንጀራው እንዳይያያዝ ነው። የውሃ ገንቦ ደግሞ ቀዳዳው ክፍት መሆን አለበት።

«ጭቃው ውስጥ ምን ትጨምሪያለሽ?» ብላችሁም ጠይቁ። የተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ የምትጨምር ካለች ለሌላ ቀን የሚሆን ትምህርት አገኛችሁ ማለት ነው፦ ስባሪው አንዴ ስለተቃጠለ እንደ እርጥብ ጭቃ አይኮማተርም፣ ዕቃው ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ያግዛል።

ወደ ክፍል ልትጋብዟት ከፈለጋችሁ አንድ ነገር ልትጠይቃችሁ ትችላለች፦ «ለመሳቂያ እንዳይሆን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጇ እዚያው ክፍል ከሆነች መጀመሪያ ልጅቷን ለብቻዋ ጠይቋት። ፊቷ ከተለወጠ ተዉት። ሌላ ክፍል ያለች ልጅ እናት ብትመጣ ይሻላል።

4. ገንቦውን ከዋዜማው አዘጋጁ

ሁለቱንም ገንቦዎች በውሃ ሞልታችሁ አሳድሯቸው። ደረቅ ሸክላ ውሃውን ራሱ ስለሚጠጣ በመጀመሪያው ሰዓት ሚዛኑም ሙቀቱም ይዋዥቃል። ግድግዳው ሲጠግብ ግን ከውጭ በኩል ያልበዋል። ጠዋት በእጃችሁ ስትነኩት እርጥበቱ መዳፋችሁ ላይ ሊቀር ይገባል። ምንም ካላላበ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ሌላ ፈልጉ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያደረውን ውሃ ድፉ። ያደረው ውሃ ቀዝቅዟል፣ በእሱ ከጀመራችሁ ውድድሩ ከወዲሁ ተበላሽቷል። ከዚያ ሦስቱንም ዕቃ ከአንድ ባልዲ፣ ሁለት ሁለት ሊትር ሙሏቸው።

- ገንቦ ሀ፦ እንዳለ ይቀመጥ።
- ገንቦ ለ፦ ውጪውን በጨርቅ አድርቁና በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት።
- ጆጉ፦ እንዳለ ይቀመጥ።

የሦስቱንም አፍ ክደኑ። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ፀሐይ አንዱን ብቻ እንዳትነካ ተጠንቀቁ።

ገንቦ ለ ለምን? የዚህ ትምህርት ልብ እሱ ነው። ሀን ከጆጉ ጋር ብቻ ካወዳደራችሁ ልጆቹ «ሸክላ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው» ብለው ይወጣሉ። ለ ያው ሸክላ ነው። የተከለከለው ወደ ውጭ መትነን ብቻ ነው።

5. ከመለካታችሁ በፊት ግምት አስጽፉ

ክፍሉን ከአምስት ወይም ስድስት ልጅ በማይበልጥ ቡድን ክፈሉ። ቡድኑን እናንተ መድቡ። ልጆቹ እንዲመርጡ ከተዋችሁ ማን ብቻውን እንደሚቀር አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። የሥራ ድርሻውንም እናንተ ስጡ፦ አንባቢ፣ መዝጋቢ፣ ሰዓት ያዥ፣ ተናጋሪ፣ ዕቃ ተሸካሚ። በየክፍለ ጊዜው ይዙር። ዝም ካላችሁ ዕቃ ማጠቡ ሁልጊዜ የአንዲት ልጅ ዕጣ ይሆናል፣ ቴርሞሜትሩ ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ ልጅ።

«ከአንድ ሰዓት በኋላ የትኛው ይቀዘቅዛል? ለምን?» በሉ። በፈለጉት ቋንቋ ይወያዩ። በኦሮምኛም፣ በዳውሮኛም፣ በአማርኛም። ሐሳቡ መጀመሪያ በሚቀናቸው ቋንቋ ይጥራ። «ቲቸር፣ በአማርኛ ብቻ አውሩ አላሉም እንዴ?» የሚል ተቆርቋሪ ይነሳል። ጽሑፉ በትምህርቱ ቋንቋ እንደሚሆን ነግራችሁ አስቀምጡት።

ሦስቱንም ዓይነት ግምት ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ማን እንዳለው ሳትጽፉ። ባለሙያዋ የነገረቻችሁንም ከጎኑ ጻፉት፦ «የሚያልበው ያቀዘቅዛል»። ሳይንስ ክፍል ውስጥ ይህ መላምት ይባላል። ከተማሪው መላምት እኩል ይፈተናል፣ አይታለፍም፣ አይሞገስም።

6. ለኩ

መነሻውን፣ ከዚያ በየ20 ደቂቃው ሦስቱንም አንብቡ። የመጨረሻውን ንባብ በእረፍት ሰዓት የሚመጣ ቡድን ሊወስደው ይችላል። ከማንበብ በፊት ውሃውን በቀስታ አማስሉ፣ ከላይና ከታች ሙቀቱ እኩል ላይሆን ይችላል። ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ከሆነ ከዕቃ ወደ ዕቃ ስታዛውሩት ጥረጉት፣ አንድ ደቂቃም ጠብቁት። ሀንና ጆጉን መጀመሪያና መጨረሻ መዝኑ። ስትመዝኑ ቴርሞሜትሩ ውስጡ አይሁን።

ምን ትጠብቃላችሁ? ሀ ከሌሎቹ በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። ለ እና ጆጉ ይቀራረባሉ። ሀ ክብደት ይቀንሳል፣ ጆጉ ግን ያው ነው።

ወቅቱን አትርሱ። ጥርና የካቲት ላይ ጅማ አየሩ ደረቅ ስለሚል ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በክረምቱ እርጥበት ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ርዕሱ በዝናብ ወቅት ከደረሰ ግን አትዝለሉት። በካርቶን ማራገብ ጨምሩ፣ «ለምን ዛሬ ቀነሰ?» የሚለውን ጥያቄም ለቤት ሥራ ስጡ። አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ ሌላ ትነት መቀበል እንዳቃተው የገባው ልጅ ርዕሱን ጨርሷል።

7. በቁጥር አስሉ

ብዙ መምህር እዚህ ጋ ይቆማል። እኔ ግን እዚህ ነው የምዘገየው። ቤት ያዩትን ነገር ወደ ቁጥር መቀየር ከቻሉ ፈተና አያስፈራቸውም።

ምሳሌ እንውሰድ። ሀ 20 ግራም ቀነሰ እንበል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን በግምት 2,400 ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 20 × 2,400 = 48,000 ጁል።

አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4.2 ጁል መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለት ሊትር 2,000 ግራም ነው። 2,000 × 4.2 = 8,400 ጁል።

48,000 ለ 8,400 ሲካፈል 5.7 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሌላ ሙቀት ባይገባ ኖሮ ውሃው በ5.7 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር።

ቴርሞሜትሩ ግን ከዚያ ያነሰ ያሳያል። «ለምን አነሰ?» በሏቸው። ከአየሩ ወደ ውሃው ሙቀት ይገባል፣ ገንቦው ራሱም መቀዝቀዝ አለበት። ይህን መልስ ያገኘውን ቡድን ሰሌዳ ላይ አውጡት። ስሌቱ የተሳሳተ እንዳይመስላቸው፤ በስሌቱና በልኬቱ መካከል ያለው ክፍተት ሌላ ትምህርት ነው።

ሚዛን ከሌለ ሀንና ጆጉን አንድ ሙሉ ቀን አሳድሯቸውና የቀረውን ውሃ በሲሪንጅ ወይም በመለኪያ ሲሊንደር ስፈሩት። አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ግራም ነው።

8. ቃሉን አሁን ስጡ

«ትነት» የሚለውን ቃል እስከዚህ ድረስ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። ቀድሞ ከተጻፈ ልጁ ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ገንቦውን አያይም።

አሁን ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሠምሩ። በመጀመሪያው ቤት ውስጥ የሚባለው፣ በሁለተኛው መጽሐፉ የሚለው፣ በሦስተኛው የእንግሊዝኛው ቃል ይጻፍ። ሦስተኛውን አትዝለሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስጠናው የሌለው ልጅ ያኔ ነው የሚወድቀው።

9. በሌላ ነገር ፈትኗቸው

ፈተናው ላይ ገንቦ አትድገሙ። እንዲህ ጠይቁ፦ «እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው ንፋስ ላይ ሲቆም ለምን ይበርደዋል? ላስቲክ ቢደርብበትስ?» ሐሳቡን ከገንቦ ወደ ሰውነት ማሻገር የቻለ ገብቶታል። ጥያቄውን በመጽሐፉ ዓይነትም፣ በምርጫም አቅርቡት። ክልላዊው ፈተና የሚመጣው በዚያ መልክ ነው።

ማስጠንቀቂያ

*ሕጋዊነቱን ሳታውቁ አትጠይቁ።* የከሰል ማክሰል ለኬሚካላዊ ለውጥ ግሩም ምሳሌ ነው፦ እንጨት አየር ሲያንሰው አመድ ሳይሆን ከሰል ይሆናል። ነገር ግን ልጁን «አባትህ የት ነው የሚያከስለው?» አትበሉ። ቤተሰቡ ፈቃድ ከሌለው አደባባይ አወጣችሁት ማለት ነው። ስለ አሠራሩ በጥቅሉ አስተምሩ፣ ቦታና ስም አይነሳ።

*ፎቶ።* ባለሙያዋንም ሆነ ልጆቹን ሳታስፈቅዱ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ካስፈቀዳችሁም ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች አትጻፉ።

*እርጥብ ጭቃ እሳት ውስጥ አይገባም።* ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋል፣ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ሸክላ ማቃጠልን ለባለሙያዋ ተዉላት።

*ስድብ ከተሰማ።* ትምህርቱን ወዲያው አቁሙ፣ ግን የተሰደበችውን ልጅ አታስነሱ፣ «ይቅርታ በላት» ብላችሁም ፊት ለፊት አታቁሟቸው። «በዚህ ክፍል ይህ ቃል አይነገርም» ብላችሁ ቀጥሉ። ተሳዳቢውን ከክፍል በኋላ ለብቻው አነጋግሩት። ከተደጋገመ ወላጅ ይጠራ። ቡናውን ሸክላ ሠሪዋ ከሠራችው ጀበና እየቀዳ፣ እሷ ቤት ግን አልጠጣም የሚል ወላጅ ሊመጣባችሁ ይችላል። ክርክር አትግጠሙ፣ የትምህርት ቤቱን ደንብ ብቻ ንገሩት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ዋናው ልጅቷን የብሔረሰቧ ወይም የሙያዋ ቃል አቀባይ ማድረግ ነው። «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ማለት ደግነት ይመስላል። ልጅቷ ግን ጭቃ ነክታ የማታውቅ፣ ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልትሆን ትችላለች። ሥራውን ለሁሉም አቅርቡት፣ መናገር የፈለገ ይናገር።

ሁለተኛው አገር በቀል የሆነውን ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ማጽደቅ ነው። «ሸክላ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው» የሚለውን ገንቦ ለ ውድቅ አድርጎታል። ይህን ስትናገሩ ድምፃችሁን አታለዝቡ። የተሳሳተው ሐሳቡ እንጂ ያሰበው ሰው አይደለም፣ ልጆች ልዩነቱን ከእናንተ አነጋገር ይማሩታል።

በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከባድ ሙከራ ማስቀመጥም የተለመደ ነው። ልጆቹ ማሳ ላይ ናቸው። ያኔ ማሳው ላይ የሚሠራ የቤት ሥራ ስጡ፣ ሲመለሱ ያመጡታል።

ለቀጣይ ርዕሶች

*እፍጋት።* እሸት ቡና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ጤነኛው ይሰጥማል፣ ነፍሳት የበላውና ባዶው ይንሳፈፋል። የለቀማው ወራት የቤት ሥራ ይህ ሊሆን ይችላል፣ የሚያስፈልገው ባልዲ ብቻ ነው።

*አሲድና ቤዝ።* ከርከዴ አፍልታችሁ አጥልሉ። ሎሚ ሲጨመርበት ይበልጥ ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የቆጮ ቡኮ ውሃ ብትጨምሩበት የሎሚውን መንገድ ይከተላል፣ ቡኮው አየር ሳያገኝ ሲብላላ አሲድ ስለሚፈጥር። የአመድ ውሃ ዓይን እንዳይነካ፤ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ምንም ነገር በክፍል ውስጥ አይቀመስ። ቆጮ የሚያሸማቅቃቸው ልጆች ካሉ ከእርሾና ከእርጎ ጋር ጎን ለጎን አቅርቡት።

*የመፍላት ነጥብ።* መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ነው። 94 ያነበበውን ልጅ «ተሳስተሃል» እንዳትሉት።

*ሚዛን መጠበቅ።* የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግሩን ወጣ ገባ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ አይነቃነቅም። ከጎኑ ባለ አራት እግር ወንበር አድርጉ። ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ አንድ ጠለል ላይ ያርፋል፣ አራተኛው ነው የሚያስቸግረው።

*ማቃጠልና ኦክስጅን።* ወናፍ ማምጣት ካልተቻለ የጋለ ከሰልና ማራገቢያ ይበቃል። ከክፍል ውጭ፣ ደጅ ላይ ይሁን። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ይገድላል።